አይፓዱ ሪስቶር አልሆን ሲል፦ ከቁጥሩ በፊት የቆመበትን ቦታ እዩ

ወሎ ውስጥ አይፓድ ብዙ ጊዜ በሻንጣ ነው የሚገባው። ከጅዳ ወይም ከኩዌት የተመለሰች እህት ለልጆቹ ይዛው ትመጣለች። ልጆቹ ዓመት ይጫወቱበትና አንዱ ፓስኮዱን ቀይሮ ይረሳዋል። ወይም ደግሞ በኮምፒውተር አፕዴት እየተደረገ ሳለ መብራት ይሄድና ታብሌቱ የኬብልና የኮምፒውተር ምስል አውጥቶ ደርቆ ይቀራል። ከዚያ ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ይወሰዳል። «ሪስቶር እናድርገው» ይባላል፤ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። ጀበናው ከአቦል ተነስቶ በረካ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁጥር ብቅ ይላል፤ 4013፣ 3194፣ 9 ወይም 14። ቀጥሎ የሚሰማው ቃል «ቦርዱ ሄዷል»፣ ማለትም የውስጡ ዋና ሰሌዳ ተበላሽቷል ነው።

ለዚያ ፍርድ ገና ነው። ሪስቶር ከአፕል ሰርቨር እስከ ታብሌቱ ማከማቻ ቺፕ ድረስ የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ኢንተርኔቱ አለ፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት አለ፣ አንቲቫይረሱ አለ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው፣ ኬብሉና የታብሌቱ ባትሪም አሉ። ቦርዱ የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። የትኛው እንዳጠፋ የሚናገረው ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ሥራው የቆመበት ቦታ ነው።

ሪስቶር ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ስሙ በ«አይፒኤስደብሊው» የሚያልቅ ትልቅ ፋይል ያወርዳል። ለቅርብ ዓመታት አይፓዶች ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ፋይሉ የታሸገ ስለሆነ ይፈታዋል። ቀጥሎ የታብሌቱን ልዩ መለያ ቁጥር ይዞ ወደ አፕል ሰርቨር ይሄድና «በዚህ አይፓድ ላይ ይህን ቨርዥን ልጫን?» ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከፈቀደ ለዚያ አንድ ታብሌት ብቻ የሚሠራ ፊርማ ይልካል። ከዚያ ታብሌቱ ጠፍቶ በጊዜያዊ ትንሽ ሲስተም ይነሳል፤ ማከማቻው ይጸዳል፤ አዲሱ ሶፍትዌር ይጻፋል፤ በመጨረሻም እንደ ሞደም (ከሲም ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው) ያሉ ክፍሎች የየራሳቸውን ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር የሚባለውን፣ ይቀበላሉ።

ሁለት ነገር ከዚህ ይወጣል። አንደኛ፣ ፊርማው በየጊዜው አዲስ ስለሚጠየቅ ኢንተርኔት ጨርሶ በሌለበት ሪስቶር አይሆንም፤ ፋይሉ በእጃችሁ ቢኖርም። ሁለተኛ፣ ከዓመት በፊት በፍላሽ የተቀዳ ፋይል ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን አፕል መፈረም ካቆመ ዋጋ የለውም። የሚፈረመው የቅርቡ ቨርዥን ነው፤ ለአሮጌ ታብሌት ደግሞ ታብሌቱ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻው። የመጀመሪያው አይፓድ ኤር ቨርዥን 12 ላይ ቆሟል። አይፓድ ኤር 2 እና ሚኒ 4 በ15 አብቅተዋል። የ2017ቱ 5ኛ ትውልድ 16 ላይ፣ የ2018ቱ 6ኛ ትውልድ 17 ላይ፣ የ2019ኙ 7ኛ ትውልድ ደግሞ 18 ላይ ቀርተዋል። ጀርባው ላይ በደቃቅ የተጻፈውን በ«ኤ» ፊደል የሚጀምር ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 1474 ከሆነ የዋይፋዩ አይፓድ ኤር ነው፤ 1822 የ5ኛ ትውልድ ዋይፋይ፤ 1893 የ6ኛ፤ 2197 የ7ኛ ነው። ጽሑፉ ስለሚደበዝዝ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማንበብ ይቀላል።

ከሁሉ በፊት

ገንዘብ የማይጠይቀውን ሙከራ አስቀድሙ። ታብሌቱ የአፕል ምልክት ወይም የኬብል ምስል ይዞ ከቆመ በግድ አጥፍታችሁ አስነሱት። ክብ የሆም ቁልፍ ካለው ሆሙንና የላይኛውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዛችሁ የአፕል ምልክት እስኪመጣ አትልቀቁ። ሆም ከሌለው ለላይኛው ቁልፍ ቅርብ የሆነውን የድምፅ ቁልፍ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ራቅ ያለውንም እንዲሁ ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ከዚያ የላይኛውን ተጭናችሁ ያዙ። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያበቃል።

ችግሩ የተረሳ ፓስኮድ ብቻ ከሆነና የታብሌቱ ሶፍትዌር ቨርዥን 15.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮምፒውተር ላያስፈልግ ይችላል። ፓስኮዱ ተደጋግሞ ከተሳሳተ በኋላ ስክሪኑ ግርጌ ላይ «ኢሬዝ አይፓድ» የሚል ምርጫ ይመጣል። ዋይፋይ ላይ ከሆነና የአፕል አካውንቱ ፓስዋርድ ከታወቀ ራሱን አጽድቶ ይነሳል።

ኮምፒውተር የግድ ሲሆን ደግሞ አንድ ውሳኔ ይቀድማል፤ ውስጡ ያለው ፎቶ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ታብሌቱ በሪከቨሪ ሞድ (የኬብልና የኮምፒውተር ምስል አውጥቶ ኮምፒውተር በሚጠብቅበት ሁኔታ) ሲገናኝ «አፕዴት» እና «ሪስቶር» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ። አፕዴት ሶፍትዌሩን ደግሞ ይጭናል እንጂ ፎቶና ፋይል አይነካም። ሪስቶር ሁሉን ያጠፋል። ብዙ ባለሙያ በልማድ ሪስቶርን ይጫናል፤ ባለቤቱ የልጁን የልደት ፎቶ መጠየቅ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፓስኮዱ እስከታወቀ ድረስ አፕዴት ይቅደም። ማከማቻው ጢም ብሎ የሞላ ታብሌት ግን አፕዴቱን ለመዘርጋት ቦታ አጥቶ መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ባክአፕ ከሌለ ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል።

ባትሪው ቸል የሚባል ነገር ነው። የተለመደው የኮምፒውተር ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በ5 ቮልት ግማሽ አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ይሰጣል። የቀድሞዎቹ አይፓዶች የራሳቸው ቻርጀር 10 ወይም 12 ዋት ነው። የ9.7 ኢንች አይፓድ ባትሪ ወደ 32 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በ2.5 ዋት ለመሙላት 13 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ስክሪኑ ጠፍቶ። በሪስቶር ጊዜ ግን ስክሪኑ በርቶ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ባዶውን መጥቶ ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ታብሌት እየተሠራበት ባትሪው ያልቅና ስህተት ይሰጣል። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ።

ማውረዱ

እኛ አገር ብዙ ሪስቶር የሚሰናከለው ገና እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ታብሌቱ ተሰክቶ እያለ ፋይሉ እንዲወርድ ይተዋል። ሪከቨሪ ሞድ ላይ ያለ አይፓድ ማውረዱ ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ከሞዱ ወጥቶ ሊነሳ ይችላል። 6 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ታብሌቱ ከሞዱ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ፋይሉ ወርዶ ይለቅ፣ ከዚያ እንደገና ሪከቨሪ ውስጥ አስገቡት።

የተሻለው ዘዴ ታብሌቱን ሳይሰኩ ፋይሉን ለብቻው ማውረድ ነው። አይቱንስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሪስቶሩን የሚሠራው የአፕል ፕሮግራም፣ መስመር ሲቋረጥበት ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ከቆመበት የሚቀጥል የዳውንሎድ ማናጀር ግን ሌሊት በርካሽ ጥቅል ቢተዉት ጠዋት ጨርሶ ይጠብቃል። ሊንኩ የሚወስደው ወደ አፕል የራሱ ሰርቨር መሆኑን አድራሻው ላይ «ሲዲኤን አፕል ዶት ኮም» የሚለውን አይታችሁ አረጋግጡ። ከማይታወቅ ቦታ የወረደ ፋይል ቫይረስ ባይኖረው እንኳ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን በባይት ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ብሮውዘሩ የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ከቀየረው ስሙን መልሱት እንጂ አትፍቱት።

ፋይሉ ከገባ በኋላ ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን፣ ማክ ላይ ኦፕሽንን ይዛችሁ «ሪስቶር» የሚለውን ስትጫኑ ፋይል ምረጡ የሚል መስኮት ይከፈታል። አፕዴት ለማድረግም በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ለፊርማው የሚሆን ጥቂት ዳታ ነው፤ የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ ሲ ድራይቭ ላይ ግን ቦታ ይኑር፤ ፋይሉ ሲፈታ ሌላ የራሱን ያህል ስለሚይዝ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖር ያስተማምናል። «ኤክስትራክቲንግ ሶፍትዌር» በሚለው ላይ የሚቆም ሪስቶር ችግሩ የቦታ ማነስ ወይም የተበላሸ ፋይል ነው። ታብሌቱ ገና ምንም አልተነካም።

ፊርማው ላይ ሲቆም፦ የኮምፒውተሩ ሰዓት ጉዳይ

«ቬሪፋይንግ» በሚለው ላይ ቆሞ 3194፣ 3004 ወይም 3014 የሚል ቁጥር ከሰጠ ኮምፒውተሩ ከአፕል የፊርማ ሰርቨር ጋር አልተግባባም። እዚህም ታብሌቱ ንጹሕ ነው። ቪፒኤን ካለ አጥፉት፤ አንቲቫይረስና ፋየርዎል ለጊዜው ይዘጋ፤ መስመር ቀይሩ።

ከሁሉም በፊት ግን የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ከሰርቨሩ ጋር የሚደረገው ንግግር የተመሰጠረ ነው። ኮምፒውተሩ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሲቀበል «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል» የሚለውን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለ ኮምፒውተሩ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ላይ ቆሟል። ከዚያ ሆኖ ሲያየው የዘንድሮ ሰርተፍኬት ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ በሩን ይዘጋል። ጠዋት ሦስት ሰዓትን በእኛ ቆጠራ 3 ብሎ መሙላት የሚያመጣው የ6 ሰዓት ስህተት ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ የዓመቱ ግን አያልፍም። በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት፣ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉት፤ አዲስ አበባም ደሴም ከናይሮቢ ጋር እኩል ናቸው።

በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነገሩ ይከፋል። መዘርቦርዱ ላይ የምትቀመጠው 2032 የምትባለው ክብ የሳንቲም ባትሪ ከደከመች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ የደሴው ጦሳ ተራራ በደመና ተሸፍኖ መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ወቅት፣ ትናንት በደህና ሪስቶር ያደረገ ኮምፒውተር ዛሬ 3194 ቢሰጥ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ባትሪዋን በመለኪያ ስትነኳት 3 ቮልት አካባቢ መስጠት አለባት፤ ከ2.7 ከወረደች በአዲስ ተኳት። ኮምፒውተሩን ሳይነቅሉ መዘርቦርድ መንካት ግን የለም።

ሁሉ ተስተካክሎ 3194 አልለቅ ካለ አንድ የተደበቀ ምክንያት ይቀራል። ድሮ አይፎን ለመፍታት ይጫኑ የነበሩ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ወደ አፕል ሰርቨር እንዳይደርስ «ሆስትስ» በሚባል ፋይል ውስጥ መስመር ይጽፉ ነበር። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ድራይቨርስ፣ ኢቲሲ ብላችሁ ግቡና ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱት። ኖትፓዱ በአድሚኒስትሬተር መከፈት አለበት፤ ያለዚያ ሴቭ አያደርግም። «ጂኤስ ዶት አፕል ዶት ኮም» የሚል መስመር ካለ አጥፉት። የጥገና ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ይህ መስመር ለዓመታት ተረስቶ ሊኖር ይችላል።

«ዌይቲንግ ፎር አይፓድ»

በጣም የምትታማው ደረጃ ይቺ ናት፤ 9፣ 4005፣ 4013 እና 4014 ብዙውን ጊዜ እዚህ ወይም ከዚህ ቀጥሎ ይወጣሉ። የሚሆነው እንዲህ ነው። ታብሌቱ በሪከቨሪ ሞድ ሳለ ለኮምፒውተሩ አንድ ማንነት አለው። ጊዜያዊ ሲስተሙን ተቀብሎ ሲነሳ ከዩኤስቢው ይጠፋና በሌላ ማንነት ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ካላገኘው «ጠፍቶብኛል» ብሎ ሥራውን ያቆማል። የአራቱም ቁጥሮች ትርጉም በአጭሩ ይኸው ነው፤ ግንኙነቱ ተቋርጧል። ለምን ተቋረጠ የሚለውን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

ከኬብሉ ጀምሩ። ገበያ ላይ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው ኬብሎች ሞልተዋል፤ እነዚህ ጭራሽ አይታዩም። አስቸጋሪዎቹ ግን የሚታዩት ናቸው፤ ፎቶ ያስተላልፋሉ፣ አይቱንስም ያያቸዋል፣ ብዙ ጊጋባይት በተከታታይ ሲያልፍባቸው ግን አንዴ ይንተባተባሉ። አንገቱ ላይ የተጣመመና በፕላስተር የተጠቀለለ ኬብል ለሪስቶር አይታመንም። አንድ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ኦሪጅናል ወይም የተፈተነ ኬብል ለሪስቶር ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ለሱቅም ለቤትም ዋጋ አለው።

ቀጥሎ ቀዳዳው። የላይትኒንግ ቀዳዳ ውስጥ 8 ደቃቅ የመዳብ ጥርሶች አሉ። የኮምቦልቻ አቧራና የኪስ ብናኝ ቀዳዳው ወለል ላይ ይጠቀጠቃል፤ ኬብሉ ሲሰካ ይገፋዋል፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ደርቆ እንደ ለበድ ይሆናል። ምልክቱ ኬብሉ ሲገባ «ቀጭ» አለማለቱና ትንሽ ብታነቃንቁት መላቀቁ ነው። ታብሌቱን አጥፉ፣ የጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፉን ጠፍጠፍ አድርጉና ጥርሶቹ በሌሉበት ጎን ከውስጥ ወደ ውጭ ጥረጉ። የሚወጣው ክምር ያስገርማችኋል። መርፌ አትጠቀሙ፤ ጥርሶቹን ያገናኛል ወይም ያጥፋቸዋል። በትንፋሽ «እፍ» ማለትም ያው እርጥበት ማስገባት ነው። ጥርሶቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ከታየ ውሃ ገብቶበታል፤ ለስላሳ ብሩሽና ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጸዳዋል፤ ሳይደርቅ አትሰኩ።

የኮምፒውተሩ ወገንም አለ። ሃብ (የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣ) ካለ ይነሳ። ዴስክቶፕ ከሆነ የፊቱን ቀዳዳ ትታችሁ ከኋላ መዘርቦርዱ ላይ ቀጥታ ሰኩ፤ የፊቱ በቀጭን ሽቦ ተጎትቶ የመጣ ነው። ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ከወደቀ ጥቁሩን ዩኤስቢ 2 ሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ እንዳይተኛ የስሊፕ ሰዓቱን አጥፉ። የዊንዶውሱ ድራይቨር ተበላሽቶ ከሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ታብሌቱ ሪከቨሪ ላይ ሳለ ቢጫ ምልክት ይዞ ይታያል፤ አይቱንስን ከነተጓዳኝ የአፕል ፕሮግራሞቹ አጥፍታችሁ አዲሱን ጫኑ። ዊንዶውስ 7 ላይ ያለ ኮምፒውተር አዲሱን አይቱንስ ስለማይቀበል ለቅርብ ጊዜ አይፓድ አይሆንም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «አፕል ዲቫይስስ» የሚባለው አዲሱ ፕሮግራም አለ፤ ማክ ላይ ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ሥራው ወደ ፋይንደር ዞሯል።

መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ? አብሽሩ፤ ታብሌቱ አይሞትም። አይፓድ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያነበው ኮድ ፋብሪካ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀረጸ ነው፤ ማንም አይሰርዘውም። ሪስቶሩ ተቋርጦ ሶፍትዌሩ ግማሽ ቢቀር እንኳ ታብሌቱ ወደ ሪከቨሪ ሞድ ይመለሳል፤ ከመጀመሪያው ትደግሙታላችሁ። የጠፋው ዳታ ግን ጠፍቷል። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ቦርዱ መቼ ነው የሚጠረጠረው?

ሁለት የተለያዩ ኮምፒውተሮች፣ ሁለት የተፈተኑ ኬብሎች፣ የተጣራ ቀዳዳና ሙሉ ባትሪ ኖሮ ስህተቱ በአንድ ቦታ ላይ ከተደጋገመ አሁን ወደ ሃርድዌር መሄድ ይፈቀዳል። ታብሌቱ ስክሪን ላይ ያለውን የመሙያ መስመር ልብ በሉ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ የሚወድቅ ከሆነ አንድ የተወሰነ ክፍል መልስ አልሰጠም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ በሚጻፍበት መሃል ከሆነ ማከማቻ ቺፑ ይጠረጠራል። ሲም በሚቀበል አይፓድ ላይ ሶፍትዌሩ ተጽፎ አልቆ «ሪስቶሪንግ አይፓድ ፈርምዌር» ላይ ወድቆ ከ1 በፊት የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ቢያወጣ ሞደሙ ይጠረጠራል። 21 ደግሞ አንዳንዴ የአንቲቫይረስ፣ አንዳንዴ የባትሪ ጣጣ ነው፤ ቅርብ ጊዜ ባትሪ ተቀይሮለት ከነበረ ከዚያ ጀምሩ።

ወደ መክፈት ከመሄድ በፊት ዲኤፍዩ የሚባለው የመጨረሻ ሞድ አለ። ሆም ባለው አይፓድ ላይ የላይኛውንና ሆሙን አንድ ላይ 8 ሴኮንድ ይዛችሁ የላይኛውን ብቻ ልቀቁ፣ ሆሙን ለሌላ 10 ሴኮንድ ያህል ያዙ። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ሆኖ ኮምፒውተሩ «ታብሌት አግኝቻለሁ» ካለ ገብቷል፤ የአፕል ምልክት ከመጣ ዘግይታችኋል፣ ድገሙት። ዲኤፍዩ ያንን ፕሮሰሰር ላይ የተቀረጸ ኮድ ብቻ ስለሚጠቀም ኮምፒውተሩ ታብሌቱን እዚህ ካየው ቢያንስ ፕሮሰሰሩ በሕይወት አለ። ለባለሙያው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ማስከፈት ቀላል ሥራ አይደለም። የ5ኛና የ6ኛ ትውልድ አይፓድ መስታወት በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ በሙቀት ለስልሶ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «እስኪ ከፍቼ ልየው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መስታወቱ ቢሰበር ማን ይከፍላል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሪስቶሩ ተሳክቶ በሩ የማይከፈትበት ጊዜ

ሰው ከሁሉ የሚያዝነው እዚህ ነው። ሪስቶሩ ያልቃል፣ «ሄሎ» ይላል፣ ዋይፋይ ይመረጣል፣ ከዚያ የአንድ ኢሜይል የመጀመሪያ ፊደል ከነጠብጣቦች ጋር ወጥቶ ፓስዋርድ ይጠየቃል። ይህ ከ2013 ጀምሮ ያለው የአክቲቬሽን ሎክ ነው። ሶፍትዌር በመጫን አይነሳም፤ መቆለፊያው የተመዘገበው አፕል ሰርቨር ላይ ነውና። አሥር ጊዜ ሪስቶር ቢደረግ አሥር ጊዜ ይጠይቃል።

ታብሌቱ የዘመድ ከሆነ ግን መፍትሔው አንድ ስልክ ጥሪ ነው። ላኪዋ ታብሌቱ እጇ ላይ መሆን አያስፈልጋትም። ባለሙያው ባለቤቲቱን «እትዬ፣ ለልጅዎ ይደውሉላትና ወደ አይክላውድ በራሷ ኢሜይል ትግባ፤ ፋይንድ የሚለው ውስጥ ይህን አይፓድ ትምረጥና ከአካውንቴ አስወግድ የሚለውን ትጫን» ይበላቸው። ፓስዋርዱን ወደዚህ መላክ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይላክ። እሷ ካስወገደች በኋላ ታብሌቱን አጥፍቶ ማስነሳትና ዋይፋይ መስጠት ይበቃል።

«ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ አይፓድ የትምህርት ቤት ወይም የድርጅት ነበር፤ ያስመዘገበው ተቋም ካልለቀቀው በየሪስቶሩ ይመለሳል። ያገለገለ አይፓድ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሙሉ በሙሉ ጸድቶ፣ ኢንተርኔት አግኝቶ እስከ መጀመሪያው ገጽ ሲደርስ ሳታዩ ብር አታውጡ።

ሳምሰንግና ስም የለሾቹ

ሳምሰንግ ታብሌት ሶፍትዌር የሚጫነው በዳውንሎድ ሞድና ኦዲን በሚባለው ፕሮግራም ነው። ኦዲን «ሴትአፕ ኮኔክሽን» ላይ ከደረቀ ከላይ ስለ ኬብልና ቀዳዳ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ በተጨማሪ የሳምሰንግ ዩኤስቢ ድራይቨር ይጫን፣ ስማርት ስዊች የሚባለው የሳምሰንግ ፕሮግራም ክፍት ከሆነ ይዘጋ፤ ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ይጣላሉ። ታብሌቱ ስክሪን ላይ በቀይ «ዲቫይስ» እና «ባይነሪ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ከወጡ ፋይሉ ታብሌቱ ላይ ካለው ያረጀ ነው። በሶፍትዌሩ ረጅም ስም ውስጥ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሲቆጠር 5ኛው ምልክት የዚያ ደረጃ ነው፤ ከታብሌቱ ያነሰ አይገባም። «ሲኤስሲ» የሚለው ፋይል ዳታ ያጠፋል፤ «ሆም ሲኤስሲ» ያተርፋል። የጉግል አካውንቱ ፓስዋርድ ካልታወቀ ሳምሰንግም በራሱ መቆለፊያ ደጃፉ ላይ ያስቆማችኋል።

የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ርካሽ ታብሌቶች ላይ ግን ጥንቃቄው ይበልጣል። በአንድ ስም የተሸጡ ሁለት ታብሌቶች ውስጣቸው የተለያየ ቦርድና ስክሪን ሊሆን ይችላል። በሽፋኑ ስም የተገኘ ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መቅረቱ ወይም ግራ ስትነኩት ቀኝ መመለሱ ከዚህ ነው። ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር አንብቡ፤ ታብሌቱ ገና የሚነበብ ከሆነ አዲሱን ከመጫን በፊት ያለውን ሶፍትዌር ሙሉ ኮፒ አስቀሩ።

ከመርሳ ወይም ከወረኢሉ ታብሌት ይዛችሁ ደሴ የምትመጡ ከሆነ ከመንገዳችሁ በፊት ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፤ ጀርባው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን ቁጥር፣ ቁጥሩ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ጽሑፍና የአካውንቱን ኢሜይል። የራሳችሁን ኬብልም ያዙ፤ ባለሙያው የመጀመሪያ ሥራው እሱን አስቀምጦ በራሱ መሞከር ይሁን።